ሶሻሊስት አገር ውስጥ ካሬና መስመር ብቻ መሣል እንዴት ተፈቀደ? የክሮኤሺያን ነገር የምታውቁ ጀባ በሉኝ

የአራዳው ታፔላ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ አራዳ ታፔላ ስጽፍ አርባ ዓመት አልፎኛል። ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ከሥራው ይልቅ ወሬው በዝቶብኛልና ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ካፌ የከፈተ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን ግድግዳዬ ላይ ይሥሩልኝ» አለኝ። አየኋት። ነጭ መደብ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ነው። ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይታጠፋል፣ ይወርዳል። ሌላ ምንም የለም። የእናቴን ሌማት ጠርዝ ነው ያስታወሰችኝ። የማን ናት ብለው ዩልዬ ክኒፈር የሚባል የዛግሬብ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ እሷኑ ሲሠራ የኖረ፣ ሜአንደር ይላታል አለኝ። ዛግሬብ የት ነው? ክሮኤሺያ። ያኔ የማን ነበረች? የዩጎዝላቪያ። የሶሻሊስቱ መሪ የቲቶ!

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እኔ በ1976 ክረምት፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሦስቱን ጢማሞች ሥሉ ተብለን ነበር። ማርክስ፣ ኤንግልስ፣ ሌኒን። አንዱ ፊት አራት ሜትር ቁመት። አቡጀዲ ሰፍተን፣ ኮላ ቀብተን፣ በከሰል የታሸ ገመድ እየወጠርን በሃያ ሃያ ሳንቲም ካሬ አሰመርነው። ከመጽሔት የተቀደደችውንም ትንሽ ፎቶ በእርሳስ እንዲሁ ካሬ ካሬ። ከዚያ ወዲያ አንዱን ካሬ ወደ አንዱ ካሬ መገልበጥ ነው፤ አፍንጫ እየሣልክ አፍንጫ መሆኑን አታውቅም። የደሴን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ኮላው አልደርቅ ብሎ ከአቡጀዲው ሥር የከሰል ምድጃ እየገፋን ነው የከረምነው።

ሌኒን ላይ ስንደርስ ቀዩ ቀለም አለቀ። ለመደቡ የሚበቃ የለም። ካሬው ተሰምሮ የለም? አንዱን በቀረችው ቀይ፣ አንዱን በሸክላ ቀለም፣ አንዱን በቢጫ እያፈራረቅሁ ሞላሁት። ወላሂ አማረ! (ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወሎ ነው።) ጓደኞቼ ከመሰላሉ ወርደው፣ ራቅ ብለው ቆመው አዩት። በነጋታው አንድ ኃላፊ መጣ፣ ስሙም መሥሪያ ቤቱም ይቅር። እጁን ኪሱ ከትቶ ብዙ ቆየና «ከጓድ ሌኒን ኋላ ያለው ምንድነው? ዳማ ነው?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የቡርዣ ነገር ነው፣ ይደፈን ተባለ። የለም የተባለው ቀይ ቀለም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከች አለ። ሌሊቱን ደፈንኩት።

እና እነዚያም ሶሻሊስት፣ እኛም ሶሻሊስት። የነሱ ዳማ እንዴት ተሰቀለ? ተደብቀው ነበር የሚሠሩት? ማንስ ነበር የሚከፍላቸው? በአንዲት መስመር ልጅ አይበላም። ያላችሁን ጀባ በሉኝ።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ ጠየቅህ። ለጨርቃ ጨርቅ ሥልጠና ዛግሬብ ከርሜ ስለነበር ጥቂት አውቃለሁ።

መጀመሪያ ግን፣ አዲስ አበባ ወርደህ ስድስት ኪሎን ካየህ የክሮኤሺያን እጅ አይተኸዋል። የየካቲት 12 ሐውልት! ዙሪያውን ነሐሱ ላይ የሚገደሉትን፣ የሚቀበሩትን ሰዎች የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የክሮኤሺያ ቀራፂዎች ናቸው፤ ጃንሆይና ቲቶ በተጎበኛኙበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1955። ሐረር የነበረው የራስ መኮንን ፈረሰኛ ሐውልትም የአውጉስቲንቺች ነበር። እሱ እንግዲህ የመንግሥት ቀራፂ ነው። ቲቶን በካፖርት፣ አንገቱን ደፍቶ ሲራመድ አድርጎ የሠራው፣ በትውልድ መንደሩ በኩምሮቬትስ የቆመው ሐውልት የሱ ነው፤ የ1948 ሥራ (ዓመቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው)።

በዚያው በ1948 ሰኔ ላይ ነው ነገር የተገለበጠው። ስታሊን ቲቶን ከኮሚንፎርም፣ ከኮሚኒስት ፓርቲዎቹ ማኅበር፣ አባረረው። እስከዚያ ድረስ እነሱም እንደኛው በሞስኮ ልክ ነበር የሚሰፉት፤ ሠራተኛ፣ መዶሻ፣ አካፋ፣ ፈገግታ። ከተባረሩ በኋላ ግን ያባረረህን ሰው ቆብ ደፍተህ ትዞራለህ? ቀስ በቀስ አወለቁት። በ1952 ሚሮስላቭ ክርለዣ የተባለው ትልቁ ጸሐፊያቸው ሉብሊያና ላይ በጸሐፊዎች ጉባኤ ያንን ፈሊጥ በአደባባይ አራከሰው። ቲቶ ደግሞ ያን ጊዜ ከምዕራቡ እርዳታ ይቀበላል። እንደኔ እንደኔ፣ ረቂቅ ሥዕል (ያ ሰውም ዕቃም የማይታይበት፣ ካሬና መስመር ብቻ የሆነው) «እኛ ሞስኮ አይደለንም» ለማለት የተገኘ ርካሽ ማስታወቂያ ነበር።

አሁን ወዳንተ ዳማ። ዛግሬብ ውስጥ ኤግዛት 51 የሚባል ቡድን ተነሣ። ኢቫን ፒትሴል፣ አሌክሳንዳር ስርኔትስ፣ ቭላዶ ክሪስትል፣ ቦዢዳር ራሺትሳ፣ ቪየንትሰስላቭ ሪህተር፣ ሌሎችም፤ ግማሹ ሠዓሊ፣ ግማሹ አርክቴክት። ዲሴምበር 7 ቀን 1951 መግለጫቸውን ያነበቡት ጓዳ ተደብቀው እንዳይመስልህ፣ በራሱ በእደ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ረቂቅ ሥዕል ይገባል አሉ። «ንጹሕ» በሚባለው ጥበብና ለአገልግሎት በሚሠራው መሀል ልዩነት የለም አሉ። ይቺን ደግመህ አንብባት፤ ታፔላ ጸሐፊና ሠዓሊ አንድ ናቸው ማለታቸው ነው። በ1953 አራቱ ሥዕላቸውን በአርክቴክቶች ማኅበር አዳራሽ ሰቀሉ። ተቺው አልማራቸውም፣ የምዕራብ ብስባሽ ብሎ ጮኸ። ሥዕሉ ግን አልወረደም።

ማን ከፈላቸው? መንግሥትም፣ ፋብሪካም። ለሥዕሉ አይደለም። ለንግድ ትርኢት ድንኳን፣ ለፖስተር፣ ለወንበርና ጠረጴዛ ነው። ሪህተር በ1958 በብራስልስ ዓለም አቀፍ ትርኢት የዩጎዝላቪያን ቤት በብረትና በመስተዋት ሠራ። ትርኢቱ ሲያበቃ ተፈትቶ ተጫነና ወቨልገም የምትባል የቤልጅግ ከተማ ላይ እንደገና ተገጠመ፤ ትምህርት ቤት ሆነ። ሌላው እንጀራ የካርቱን ፊልም ነው። ዛግሬብ ፊልም የሚባለው ቤት ውስጥ የዱሻን ቩኮቲች «ሱሮጋት» በ1962 ኦስካር ወሰደ፤ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ አጭር ካርቱን ሲሸለም የመጀመሪያው። ሰውየው ባሕር ዳር ሄዶ ያሻውን ሁሉ፣ ሴቲቱን ሳይቀር፣ እየነፋ ያወጣል። ቅርጾቹ ሦስት ማዕዘንና ካሬ ናቸው፤ ያው ዳማህ በእግሩ ሲሄድ ማለት ነው።

ሰኞ ገበያ 7

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥቁር መስመር ምኑ ነው ሥዕል? ይኼንንማ ልጄም ይሠራዋል።

የአራዳው ታፔላ (ደሴ)

ልጅህ ሦስት ሜትር መስመር ጠርዙ ሳይንቀጠቀጥ ከጎተተ ነገ ጠዋት ላክልኝ፣ እቀጥረዋለሁ።

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ ቆሜ ያን ነሐስ በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ ፈረንጅ እንደሠራው እንጂ የየት ፈረንጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የዳናዋ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የዳና ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ የሥዕል ታሪክ ተምሬያለሁ። የኮምቦልቻው ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን የሚከፈላቸውን ብቻ ነው የነገሩን። ካፌው ያሳየዎት ክኒፈር ማንም የማይከፍለው ቡድን አባል ነበር። ጎርጎና ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1966 የቆየ። መግለጫ የለው፣ መፈክር የለው። የሚያሳዩበት አዳራሽ ስላልነበራቸው ምን አደረጉ መሰለዎት? ዛግሬብ ፕሬራዶቪቼቫ ጎዳና ላይ ሺራ የሚባል የሥዕል ፍሬም መሥሪያ ሱቅ ነበር፤ እሱን ከኪሳቸው አዋጥተው ተከራዩ። እርስዎ ቤት ኤግዚቢሽን እንደመክፈት ይቁጠሩት።

አንዴ ለሰው ሁሉ የጥሪ ካርድ ላኩ። ካርዱ ላይ «እንዲገኙልን» የሚል ብቻ ተጽፏል። የት፣ መቼ፣ ለምን፣ ምንም የለም። (እኛ ቤት ቢሆን እናቴ ለብሳ፣ ጭሳ ትጠብቅ ነበር።) ኢቫን ኮዣሪች የሚባለው ቀራፂ ደግሞ የመኪናዎችን ውስጥ፣ የክፍሎችን ውስጥ፣ በጠቅላላው የከተማችንን ታላላቅ ክፍት ቦታዎች በጀሶ እንሙላና እናውጣቸው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይኼን አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ሲነግሩን ሁሉ ሳቀ። እኔ ላሊበላ ቆሜ ስላየሁ አልሳቅኩም። ያ ቤት የተሠራው ድንጋይ ተወስዶለት ነው፤ ባዶው ነው የተጠረበው።

ዮሲፕ ቫኒሽታ የሚባለው በ1964 ሥዕሉን ትቶ መግለጫውን በጽሕፈት መኪና ጻፈ። ሸራው አግድም፣ ወርዱ 180 ሳንቲም፣ ቁመቱ 140፤ ሁለመናው ነጭ፤ መሀሉን አግድም የብር መስመር ያቋርጠዋል፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲም። አለቀ። ይኼው ነው ሥዕሉ።

እኔን ግን እንባ የሚያመጣብኝ ማንጌሎስ ነው። ትክክለኛ ስሙ ዲሚትሪዬ ባሺቼቪች፣ ቀን ቀን ተቺና የሥዕል ቤት ኃላፊ፣ የገበሬ ሠዓሊዎችን ሥራ የሚሰበስብ፤ እንደ ኢቫን ጌነራሊች በመስተዋት ጀርባ የሚሥሉትን። ማታ ደግሞ ለራሱ፣ ለማንም ሳያሳይ። በጦርነቱ ጊዜ ዘመድ ወይም ጓደኛ በሞተበት ቁጥር ደብተሩ ላይ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ይሠራ ነበር። በኋላ ያ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ፤ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ በነጭ በሕፃን ልጅ ፊደል አንድ ቃል ተጽፎበት። ፎቶውን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት «ሎህ!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ቤት ደረሶቹ (የቁርኣን ተማሪዎቹ) አያውን ጽፈው፣ ቀርተው፣ አጥበው፣ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፀሐይ የሚያስመቱት እንጨት። ታጥቦም የትናንቱ ጽሕፈት በስሱ ይታያል። ማንጌሎስ ስለ ሎህ ሰምቶ እንደሁ እንጃ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ላየው አልቻልኩም።

የአራዳው ታፔላ (ደሴ)

የኔ እናት፣ ጀባ አልሽኝ በይ። ያን የብር መስመር በስልክ ብታዢኝ ለከነገ ወዲያ አስረክብሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልጻፈም፤ ብሩ የዱቄት ነው ወይስ የቆርቆሮ ቀለም? የዱቄቱ ያምራል፣ ግን ዓመት ሳይሞላው ይጠቁራል። ለደንበኛ ሳልነግር አልሠራም።

የመስተዋት ጀርባውን ሥራ ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ ለፀጉር ቤትና ለሆቴል ብዙ ጽፌያለሁ። ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። ጽሑፉን በቀኝ ለግራ ትጽፊያለሽ፤ በመጨረሻ የሚቀባው የዓይን ብልጭታ መጀመሪያ ይቀባል፣ ሰማዩ መጨረሻ። ስምሽን ከሁሉ በፊት ነው የምትፈርሚ፣ ሥዕሉ ሳይኖር። ከተሳሳትሽ መላጨት ነው እንጂ መደፈን የለም።

አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። እኔ የተያዝኩት ካሬው ከሰውየው ፊት ኋላ ስለነበረ ነው። ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢሆን ማንም ዞሮ አያየኝም ነበር። እነሱስ ወደ ቲቶ ፊት ሲጠጉ ምን ይሆኑ ነበር?

የዳናዋ

ጋሼ፣ ነገሩን ገደሉት። እዚያው ላይ ነው አጥሩ።

ቲቶ ራሱ በ1963 መጀመሪያ ላይ ረቂቅ ሥዕልን በንግግሩ ነቅፏል። ግን በዚያው ዓመት ዛግሬብ «አዲስ ዝንባሌዎች» የሚባለው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሁለተኛው ዙር ተከፈተ፤ ከ1961 እስከ 1973 አምስት ጊዜ ተደርጓል፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተር ሁሉ ገብቶበት። ካሬና መስመር ማንንም አልነካም። በአንጻሩ ያ ከኤግዛት ቡድን የነበረው ቭላዶ ክሪስትል በ1962 በአንድ ጄኔራል የሚያላግጥ አጭር ፊልም ሠራ። ታገደበት። ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ።

ሳንያ ኢቬኮቪች የምትባለው አርቲስት ደግሞ ሜይ 10 ቀን 1979 ቲቶ ዛግሬብ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ በመስኮት እንዳይወጣ በተባለበት ሰዓት፣ በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ውስኪ ትጠጣለች፣ መጽሐፍ ታነባለች፣ በመሀሉ እኔ እዚህ የማልጽፈውን ነገር የምታደርግ ትመስላለች። ከመንገድ አትታይም። የምትታየው ፊት ለፊት ካለው ሆቴል ጣሪያ ላይ መነጽርና ሬዲዮ ይዞ ለቆመው ጠባቂ ብቻ ነው። በ18 ደቂቃ በሯ ተደወለ፤ ሰውም ዕቃም ከበረንዳው ይነሣ። የሥራው ስም «ሦስት ማዕዘን» ነው፤ ጣሪያው፣ በረንዳው፣ መንገዱ። የርስዎ ቀይ ቀለም በሁለት ሰዓት ደረሰ አሉ አይደል? እዚያ ትንሽ ይፈጥናሉ።

ለርስዎ ያቆየሁት ግን ብራትሶ ዲሚትሪዬቪችን ነው። የሳራዬቮ ልጅ፣ ትምህርቱ ዛግሬብ። በ1971 መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሦስት የማያውቃቸውን ሰዎች ፎቶ አነሣ። ከዚያ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን አግዝፎ በሪፑብሊክ አደባባይ ሕንፃ ላይ ሰቀላቸው፤ በበዓል ቀን የመሪዎች ምስል በሚሰቀልበት ወግ። ሰው ቆሞ «ማን ናቸው? ማን ተሾመ?» ይላል። ማንም አይደሉም። ሰኞ ገበያ ዳቦ ሲገዙ ያገኟቸው ዓይነት ሰዎች።

ሰኞ ገበያ 7

ይቺኛዋስ ገባችኝ።

የአራዳው ታፔላ (ደሴ)

እህቴ፣ የመንገደኞቹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ያን ክረምት ኤንግልስን ስጨርስ አንድ ሰው ከዝናቡ ለመጠለል ገብቶ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ከቆቦ በኩል የመጣ ነው። በወልዲያ መንገድ ያን ጊዜ ምን ይወርድ እንደነበር ለወሎ ሰው አልነግርም። ጋቢው ረጥቦ ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ያን አራት ሜትር ጢም ቀና ብሎ ብዙ አየውና «ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው?» አለኝ። እኛ አገር ጢሙን እንዲያ የሚለቀው ሌላ ማን አለ? እኔም «አዎ» አልኩ። «ማን ሞቶበት?» አለ። ዝም አልኩ። ኪሴ ቆሎ ነበር፣ ዘግኜ ሰጠሁት። ቆመን በላን። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ወረደ።

ዛሬ ጠዋት ካፌ ሄጄ ልጁን አነጋገርኩት። የቀኙ ላይ ያቺን መስመር በነፃ እሠራልሃለሁ፣ የግራውን ግድግዳ ልቀቅልኝ አልኩት። «የማንን ሊሥሉበት?» ሲለኝ ነገርኩት። «ፎቶ አለዎት?» አለ። የለኝም። በካሬ የምቆርጠው ነገር የለኝም፣ ከጭንቅላቴ ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ እሷን ይዤ እጀምራለሁ። አራት ሜትር ልል ነበር፣ ጣሪያው ሦስት ተኩል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያ የሳራዬቮው ልጅ መንገደኞቹን ሲሰቅላቸው ከሥራቸው ምን ብሎ ጻፈ? ስማቸውን ጠይቋቸው ነበር?

የዳናዋ

ስም የለም ጋሼ። «በዚህ ሰዓት ያገኘሁት መንገደኛ» ነው የሚለው፤ ከዚያ ዛግሬብ፣ 1971። ሰዓቶቹ በኛ አቆጣጠር 7፡15፣ 10፡23 እና 12፡11 ናቸው።

የአራዳው ታፔላ (ደሴ)

እኔ ሰዓት አልነበረኝም። ምሳ በልተን፣ ዕቃው ሳይታጠብ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብዬ እጽፋለሁ።